ስለ ትምህርት ቤት ጉባኤና ስለ ጐደለው ስም

ቤት ባለቤት ከሌለው ጣራው ያፈሳል፥ አጥሩም ይፈርሳል። እርሻም አራሽ ከሌለው አረም ይወርሰዋል። ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። ነገር ግን ልጆች «ትምህርት ቤቱ የማን ነው?» ተብለው ሲጠየቁ፥ አንዱ «የመንግሥት ነው» ይላል፤ ሁለተኛው «የርእሰ መምህሩ ነው» ይላል፤ ሦስተኛውም «እንጃ» ብሎ ዝም ይላል። የዚህ ጥያቄ እውነተኛ መልስ የሚታየው በዓመቱ መጨረሻ፥ ወላጆች በትምህርት ቤቱ ግቢ በሚሰበሰቡበት ቀን ነው።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ካሉት ከተሞች መካከል ሦስቱ ሰበታና ቡራዩ ሱሉልታም ናቸው። ሰበታ በጅማ መንገድ፥ በወጨጫ ተራራ አጠገብ ትገኛለች። ቡራዩ በአምቦ መንገድ ናት፤ ለአዲስ አበባ የሚጠጣ ውኃ የሚሰጠው የገፈርሳ ግድብም በአጠገብዋ ነው። ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ተራራ በስተጀርባ፥ በጎጃም መንገድ፥ በሰፊ ሜዳ ላይ ተዘርግታለች፤ በሣርዋና በወተትዋም የታወቀች ናት። እነዚህ ሦስት ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከጎረቤቶቻቸው ጋራ ተዋሕደው የሸገር ከተማ ክፍሎች ሆነዋል። በቀድሞ ዘመን አብዛኛው ነዋሪያቸው ገበሬ ነበረ። ዛሬ ግን ፋብሪካና አዳዲስ ሰፈር ስለ በዛባቸው፥ የገበሬ ልጅና የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ፥ የነጋዴ ልጅና የቀን ሠራተኛ ልጅ በአንድ ወንበር ጐን ለጐን ይቀመጣሉ። ኦሮምኛ የሚናገረውም አማርኛ የሚናገረውም በአንድ ግቢ ይጫወታል። ስለዚህ በነዚህ ከተሞች የትምህርት ቤት ጉባኤ ሲደረግ፥ የሚሰበሰበው ሰው ኑሮው ልዩ ልዩ ነው፤ ጭንቀቱ ግን አንድ ነው፤ እርሱም የልጁ ነገር ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ፥ በትምህርት ቤት አስተዳደር መምህራን ብቻ ሳይሆኑ ሕዝቡም ተካፋይ እንዲሆን ወሰነ። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ የትምህርት ሚኒስቴር ሥራው እንዴት እንደሚካሄድ የሚያስረዳ መመሪያ አወጣ። በዚህ መሠረት በየቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ፥ በየትምህርት ቤቱም የወላጅና የመምህር ኅብረት ተቋቋመ። የነዚህ ሰዎች ሥራ ቀላል አይደለም። ዕድሜያቸው የደረሰ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት እንዲገቡ ይመክራሉ፤ ክፍል ሲጠብ ሕዝቡን አስተባብረው ድንጋይና እንጨት ያስመጣሉ፤ ለትምህርት ቤቱ የተሰጠው ገንዘብ በምን ላይ እንደ ዋለ ይመረምራሉ፤ ትምህርታቸውን ያቋረጡትንም ልጆች ይፈልጋሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» እንደሚባለው፥ ለአንድ ሰው የሚከብደው ሥራ ለብዙ ሰው ይቀላል።

እንዲህ ያለው ጉባኤ በዓመቱ መጨረሻ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ማመስገን ነው፤ ሁለተኛው መቍጠር ነው። ማመስገን የቈየ ልማድ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዘመናቸው በትምህርት ቤቶች በዓል ላይ እየተገኙ፥ ብልጫ ላገኙት ተማሪዎች በእጃቸው ሽልማት ይሰጡ ነበር። ዛሬ በየቀበሌው ሽልማት የሚሰጠው ምናልባት የቦርዱ ሰብሳቢ ይሆናል፤ ሽልማቱም ጥቂት ደብተርና እስክርቢቶ ይሆናል። ቢሆንም በሰው ፊት ስሙ ተጠርቶ ለተነሣ ልጅ፥ ያ ደብተር ከብዙ ገንዘብ ይበልጥበታል። ማመስገን ለሁሉ ይጥማል፤ መቍጠር ግን አንዳንድ ጊዜ ያሳፍራል። ስለዚህ ሰዎች ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ፈጽመው ሁለተኛውን ይረሱታል። ይህ እንደማይገባ የሚከተለው ምሳሌ ያስረዳል።

በሱሉልታ ሜዳ ዳር አንድ ትምህርት ቤት ነበረ እንበል። ጊዜው የሰኔ ወር መጨረሻ ነው። ሌሊት ዝናብ ዘንቦ ስለ ነበረ ግቢው ረጥቧል። ተማሪዎቹ ወንበሮችን ከየክፍሉ አውጥተው በባሕር ዛፎቹ ሥር ደረደሩ። ዘበኛውም እንደ ደወል የተሰቀለውን የመኪና ቸርኬ በብረት ሦስት ጊዜ መታው። በዚያን ጊዜ ነጠላ የለበሱ እናቶች፥ ጋቢ የደረቡ አባቶች፥ ከሌሊት ሥራ በቀጥታ የመጡና እንቅልፍ ዓይናቸውን ያቀላው ወጣቶች እየመጡ ተቀመጡ።

ሰብሳቢው ተነሥቶ የዓመቱን ሥራ በኦሮምኛ አነበበ፤ አንድ መምህርም ያንኑ በአማርኛ ይደግመው ነበር። አጥሩ ታድሷል፤ የሁለት ክፍሎች ጣራ በወላጆች መዋጮ ተለውጧል፤ የውኃ ቧንቧ ገብቷል። የእያንዳንዱም ወጪ በወረቀት ተጽፎ ሁሉ እንዲያየው በግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ከዚህ በኋላ ከየክፍሉ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ተማሪዎች እየተጠሩ ሽልማታቸውን ተቀበሉ። እናቶች እልል አሉ፤ አባቶችም አጨበጨቡ። ከአራተኛ ክፍል አንደኛ የወጣው ልጅ ሽልማቱን ይዞ ሲመለስ፥ አባቱ ከመቀመጫው ተነሥቶ በሰው ሁሉ ፊት ግንባሩን ሳመው።

ሰብሳቢውም «ጥያቄ ያለው ይጠይቅ» አለ። ነገር ግን ይህን ሲል ወረቀቱን እያጠፈ ነበር፤ ጥያቄ ይመጣል ብሎ አላሰበምና። በዚያን ጊዜ አንዲት አሮጊት ከኋላ ወንበር ተነሡ። እኒህ ሴት ፊደል የቈጠሩት በልጅነታቸው አልነበረም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ፥ ትዳር ይዘው፥ ልጅ አዝለው፥ ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ተምረው ነበር። ስለዚህ ከጉባኤው በፊት ቀደም ብለው መጥተው፥ በግድግዳው የተለጠፈውን ወረቀት በጣታቸው እየተከተሉ እስከ መጨረሻው አንብበውታል።

ሰብሳቢው «ይናገሩ፥ እማማ» አላቸው።

እርሳቸውም እንዲህ አሉ፤ «ልጄ፥ የአጥሩን ዋጋ አነበብሁ። ቆርቆሮውንም ምስማሩንም በቍጥር ጽፋችኋል፤ ደግ ሥራ ነው፥ ተባረኩ። አንድ ነገር ግን ፈልጌ አጣሁ። የልጅ ልጄ አራተኛ ክፍል ነው። በመስከረም ከርሱ ጋራ የገቡት ልጆች ስንት ነበሩ? ዛሬስ ስንት ናቸው?»

ሰብሳቢው ወደ ርእሰ መምህሩ ተመለከተ። ርእሰ መምህሩም ወደ ክፍሉ መምህርት ተመለከተ። መምህርቷ የስም መጥሪያውን መዝገብ ከፍታ በዝግታ ቈጠረችና «በመስከረም 50 ነበሩ፤ ዛሬ 43 ናቸው» አለች። ግቢው ጸጥ አለ።

አሮጊቷም ንግግራቸውን ቀጥለው እንዲህ አሉ፤ «እረኛ ማታ ከብቱን ወደ በረት ሲያስገባ በበሩ ቆሞ ይቈጥራል። የሰባውን በሬ ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን የሰባውን ብቻ ቈጥሮ በሩን አይዘጋም። አንዲት ጥጃ ብትጐድልበት በትሩን ይዞ ወደ ሜዳ ይመለሳል። እኛ ግን ሰባት ልጅ ጐድሎብን እልል አልን። እልልታው ለተሸለሙት ይገባቸዋል፤ አልነፍጋቸውም። ሰባቱስ ወዴት ሄዱ?»

አንድ ሰው ተቈጥቶ ተነሣና «ስማቸው ይነበብ፤ ወላጆቻቸውም በጉባኤ ይወቀሱ» አለ። አሮጊቷ ግን «አይሆንም፤ ስም ለማሳፈር አይጠራም። ስም የሚጠራው ባለ ስሙ አቤት እንዲል ነው። ወደ ቤታቸው ሄዳችሁ ጥሩአቸው» ብለው ተቀመጡ።

ቦርዱም ይህን ምክር ተቀበለ። ሰባቱን ስም ለሰባት ሰዎች አከፋፈለ። እነርሱም በክረምቱ፥ ጭቃው እስከ ቍርጭምጭሚት እየያዛቸው፥ ከቤት ወደ ቤት ሄዱ። ያገኙትም ነገር እንደ ጠበቁት አልነበረም። ብዙ ሰው ልጆቹ የቀሩት በስንፍና ነው ብሎ ነበር። ነገር ግን በስንፍና የቀረ አንድ ስንኳ አልተገኘም።

ሁለቱ ወንድማማቾች ነበሩ፤ ወላጆቻቸው ወደ ቡራዩ ቤት ለውጠው ስለ ሄዱ በዚያ ይማራሉ፤ የጐደለው መሸኛ ወረቀታቸው ብቻ ነበር። ሦስተኛው ለባዕድ ሰው ከብት ለመጠበቅ ተቀጥሮ ነበር። አራተኛዪቱ ከእናትዋ ጋራ በማለዳ ወተት ወደ ከተማ ታደርሳለች፤ ስትመለስ በሩ ተዘግቶ ስለምታገኘው ብዙ ቀን ተመለሰች፤ በመጨረሻም መምጣቱን ተወችው። አምስተኛው አባቱ ስለ ታመመበት በሕንፃ ሥራ ላይ ድንጋይ ያመላልሳል። ስድስተኛዪቱን ልጅ ዘመዶችዋ ለቤት ሥራ ወደ አዲስ አበባ ልከዋታል። ሰባተኛው ግን ከቤቱ አልወጣም ነበር፤ በምድጃ አጠገብ ተቀምጦ ተገኘ። በክፍል ውስጥ ከሰሌዳው ሲገለብጥ ሁልጊዜ ስለሚሳሳት፥ መምህሩም ጓደኞቹም ሰነፍ ይሉት ነበር። ነገሩ ሲመረመር ግን ልጁ ዓይኑ ታሞ ኖሮ፥ በሰሌዳው የተጻፈውን ፊደል አያየውም ነበር። ይህንንም እንዳይሳቅበት ብሎ ለማንም አልተናገረም።

ቦርዱ የእያንዳንዱን ችግር ለየብቻው ተመለከተ። ከብት ጠባቂውና ወተት አድራሿ በከሰዓት ፈረቃ እንዲማሩ ተደረገ። አባቱ ለታመመው ልጅ የሰፈሩ ዕድር ለጥቂት ወራት ቀለብ ሰፈረለት፤ አንደኛ የወጣውም ልጅ ከሽልማቱ ደብተር ከፍሎ ሰጠው፥ ያመለጠውንም ትምህርት አስጠናው። ዓይኑ የታመመውን ልጅ ወደ ሐኪም ወሰዱት። ሐኪሙ ግን «ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ ይረዳ ነበር፤ አሁን ብርሃኑ አይመለስም» አለ። መምህሩም ይህን ሲሰማ አለቀሰ። ሰነፍ ያለውን ቀን ሁሉ አስታወሰ።

ነገር ግን ዓይን ላጣ ልጅ የትምህርት በር አልተዘጋም። በዚያው በሰበታ ከተማ መርሐ ዕውራን የተባለ፥ ዓይነ ስውራን ልጆች እየኖሩ የሚማሩበት ትምህርት ቤት አለ። በዚያ ልጆች የሚያነቡት በጣታቸው ነው። ይህን የአነባበብ ዘዴ ያገኘው ሉዊ ብሬል የተባለ ፈረንሳዊ ነው። እርሱ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1809 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ ኮርቻና የፈረስ ዕቃ ይሠራ ነበር። ልጁ በሦስት ዓመቱ በአባቱ መሥሪያ ቤት ሲጫወት፥ ቈዳ የሚበሳበት ሹል ብረት ዓይኑን ወጋው፤ ሕመሙም ወደ ሁለተኛው ዓይኑ ተላልፎ ጨርሶ ታወረ። ሆኖም ተስፋ አልቈረጠም። ገና በ15 ዓመቱ ስድስት ነጥቦችን እያቀያየረ ፊደልን ሁሉ የሚጽፍበትን ዘዴ አወጣ። ነጥቦቹ የሚጻፉት በወረቀት ላይ በሹል ብረት እየተወጉ ነው። ዓይኑን ያጠፋበትን መሣሪያ የሚመስል ነገር፥ ለዓለም ዓይነ ስውራን ሁሉ ብዕር ሆነላቸው። የአማርኛም ፊደል በነዚሁ ነጥቦች ይጻፋል። በምሳሌው የተነገረለት ልጅም ወደዚያ ትምህርት ቤት ገብቶ፥ ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ በነጥብ ጽፎ በጣቱ ሲያነበው፥ ያ ቀን ለርሱ የሽልማት ቀን ሆነለት። አንደኛ አልወጣም። ነገር ግን ሽልማት ሁሉ በደረጃ ብቻ አይለካም፤ ልጁ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ መመልከትም ይገባል።

መስከረም በጠባ ጊዜ መምህርቷ የስም መጥሪያዋን ከፍታ ስም ጠራች። ከብት ጠባቂው «አቤት» አለ። ወተት አድራሿም «አቤት» አለች። ድንጋይ ያመላልስ የነበረውም «አቤት» አለ። ወደ አዲስ አበባ የተላከችው ልጅ ስም ሲጠራ ግን የመለሰ አልነበረም። የቦርዱ ሰው ሁለት ጊዜ ወደ ከተማ ሄዶ ነበር፤ ነገር ግን ደላላው ያመለከተው ቤት ተለቅቆ፥ በሩ ተዘግቶ አገኘው። ፍለጋው ገና አላለቀም። መምህርቷም ስምዋን ከመዝገቡ አልሰረዘችም። በሚቀጥለውም ጉባኤ ቦርዱ የሚያነበው ወረቀት ተለወጠ። ከአጥሩና ከቆርቆሮው ዋጋ በላይ፥ በመጀመሪያው መስመር ሦስት ቃላት ተጻፉበት፤ «ገቡ፥ ጨረሱ፥ ጐደሉ» የሚሉ። ከዚያ በኋላ ሽልማት ተሰጠ፤ እልልታውም ከቀድሞው አላነሰም።

ምሳሌው ስለ አንድ ትንሽ ክፍል ነው። ነገር ግን አገርም እንደ ክፍል ይቈጠራል። የ12ኛ ክፍል ፈተና መኮረጅና የመልስ ስርቆት በዝቶበት ስለ ነበረ፥ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው እየገቡ እንዲፈተኑ ተደረገ። በ2015 ዓ.ም. 845 ሺህ ያህል ተማሪዎች ተፈትነው፥ ከመቶ 50 ና ከዚያ በላይ ያገኙት 27 ሺህ 267 ብቻ ሆኑ፤ ይህም ከመቶ 3 ነጥብ 2 ነው። ከ1 ሺህ 300 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ ስንኳ አላሳለፉም። ይህ ቍጥር በአደባባይ ሲነገር ብዙ ወላጅ አዘነ፤ ብዙ መምህርም አፈረ። ቢሆንም መነገሩ ተገቢ ነበረ። የተደበቀ ቍስል አይድንምና። በ2016 ዓ.ም. ያለፉት ከመቶ 5 ነጥብ 4፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 8 ነጥብ 4 ሆኑ። ይህ ገና ጥቂት ነው፤ ነገር ግን እውነተኛ ጥቂት ከሐሰተኛ ብዙ ይሻላል። በጥቂቱ ላይ መጨመር ይቻላል፤ በሐሰቱ ላይ ግን ምንም አይጨመርም።

ልጆች ሆይ፥ በሽልማት ቀን ስማችሁ ቢጠራ ደስ ይበላችሁ፤ ስለ ደከማችሁበት ይገባችኋልና። ነገር ግን ሽልማቱን ተቀብላችሁ ወደ ቦታችሁ ስትመለሱ ወንበራችሁን ተመልከቱ። በመስከረም በአጠገባችሁ ተቀምጦ የነበረው ልጅ አለን? ከሌለ ወዴት እንደ ሄደ ጠይቁ። ሰሌዳውን ለማየት ዓይኑን የሚያጠብብ ጓደኛ ቢኖራችሁ አትሳቁበት፤ ለመምህሩ ንገሩለት። ስማችሁ ባይጠራም አትዘኑ፤ ያላወቃችሁትን ካወቃችሁ፥ ማንበብ የማትችሉትን ካነበባችሁ፥ ዓመቱ በከንቱ አላለፈም።

አሁንም «ትምህርት ቤቱ የማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ግልጽ ነው። አጥሩን ያጠረ፥ ገንዘቡን የመረመረ፥ ለተሸለመው እልል ያለ ሁሉ የትምህርት ቤቱ ባለቤት ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን ባለቤትነቱ የሚታወቀው፥ በደስታው ቀን ተነሥቶ «የጐደለው ማን ነው?» ብሎ የጠየቀው፥ ጠይቆም በጭቃው መካከል ሊፈልገው የሄደው ነው።